ጋራ ጨፌ ላይ የጠፋው ዲያቆን

ባለፈው ወር ኮዬ ፈጬ የምኖርበት ሕንፃ ውኃ ተቋርጦ ከጥበቃው ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ጥበቃው የታንከሩን ክፍል በር ሲከፍት የረጠበ ድንጋይ፣ የቆየ ሰምና የታፈነ አየር ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ሰሙ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እዚያ ያለው ሲሚንቶና ቧንቧ ብቻ ነው። «ምነው እትዬ፣ አመመዎት?» ሲለኝ ነው ደረጃው ላይ መቀመጤን ያወቅኩት። ያን ሽታ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ጋራ ጨፌ ባሳለፍኩት ክረምት።

ጋራ ጨፌ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጋራው ጀርባ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ያን ክረምት እናቴ ልትወልድ ደርሳ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አባቴ ከሱሉልታ ወስዶ አክስቱ ዘንድ ተወኝ። አክስቱ ድንቄ ይባላሉ። አያቴ ባይሆኑም እንደ ሰፈሩ ልጆች በኦሮምኛ «አኮ» እላቸው ነበር፤ እዚያ አያት የሚጠራው በዚሁ ነው። አኮ ድንቄ አላገቡም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤታቸው የመንደሩ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ነው።

ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ጭጋጉ ነው። ጠዋት በር ስንከፍት ግቢው የለም፣ አጥሩ የለም። ላሟ ስታገሳ ትሰማለች እንጂ እሷም የለችም። ረፋዱ ላይ ትንሽ ገለጥ ሲል ዛፎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚመጡት የተቃጠሉት ጥዶች ናቸው። የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን የከበቡት ትልልቅ ጥዶች ቅጠል ያላቸው በአንድ ጎናቸው ብቻ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የዞረው ጎናቸው ከሥር እስከ ጫፍ ጠቁሮ ደርቋል።

«አኮ፣ ዛፎቹን ማን አቃጠላቸው?»

«ጣሊያን።»

«ምን አደረጉት?»

«ምንም። ቤተ ክርስቲያኑን ሲያነድ አጠገቡ ነበሩ» አሉኝ።

እሑድ እሑድ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ አኮ እስከ ግቢው በር ድረስ አብረውኝ ይመጣሉ። ከዚያ እጄን ለቀው «ግቢ» ይሉኛል። እሳቸው ከቅጥሩ ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ዝናብ ቢጥልም እዚያው ናቸው። ሰው ሁሉ በአጠገባቸው ሲያልፍ ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል። ሲቆርቡ እንኳ ሌላ ደብር ሄደው ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቦታ ስላልበቃ መስሎኝ፣ አንድ ቀን አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ ጠጋ እንድትልና ለአኮ ቦታ እንድትሰጥ ለመንኳት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ተነስታ ሄደች።

የመንደሩን ታሪክ ማንም አስቀምጦ አልነገረኝም። ከዚህም ከዚያም ነው የለቃቀምኩት። ቀደምቶቹ ሰዎች ከዓለት ሥር የሚወጣውን ምንጭ ሲያገኙ፣ ለራሳቸው ጎጆ ሳይቀልሱ መጀመሪያ ከምንጩ በላይ ቤተ ክርስቲያኑን ተከሉ ይባላል። በኋላ ጣሊያን ገባ። ወታደሮቹ ከዋናው መንገድ ወደ ጋራው ሲወጡ የታዩ ዕለት፣ የዚያን ጊዜው ቄስ ታቦቱን ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። ጽዋውን፣ መስቀሉን፣ የብራና ወንጌሉንና ቃጭሉን ደግሞ ለዲያቆን ለማ ሰጡት። ለማ የአኮ ድንቄ ታላቅ ወንድም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ነደደ። ጣሊያን ሲወጣ ታቦቱ ተመለሰ። ለማ ግን አልተመለሰም። ያኔ የመንደሩ ትልቅ ሰው የነበሩት፣ የኦቦ ጉደታ አባት፣ ለማ በቅሎ ጭኖ ወደ ፊቼ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ አሉ። የለማ እናት ልጅሽ ያለበትን ካልተናገርሽ ግቢው ውስጥ አትቆሚም ተባሉ። ከወይራዋ ሥር መቆም የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሲሞቱ ቦታውን አኮ ተረከቡ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ጋራ ጨፌ ውስጥ አዋቂ ሁሉ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዲያቆን ለማ ንዋየ ቅድሳቱን ይዞ ጠፋ።»

ጠፋ ማለት ሸሸ ማለት እንደሆነ እኔ አላወቅኩም። እኔ የማውቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ሻማ ሲጠፋ እዚያው ነው፤ አይታይም እንጂ። ስለዚህ ዲያቆን ለማ ዕቃውን እንደታቀፈ እዚያው መንደሩ ውስጥ የማይታይ ሰው ሆኖ ቀርቷል ብዬ አመንኩ። አኮ በር ሲዘጉ እንዳይቀረቀርበት ትንሽ እንዲቆዩ እለምናቸው ነበር። በቀጭኗ መንገድ ስሄድ በጎን ማለፊያ እተውለታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ ውኃ መቅዳት ነው። ምንጩ ከጫካው በታች፣ ሐረግ የወረሰው ትልቅ የድንጋይ ቁልል ሥር ነበር። አንድ ቀን ጭጋጉ ሳይገለጥ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ወርጄ ትንሿን ጀሪካን ደቀንኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ጀሪካኑ እየሞላ የውኃው ድምፅ ሲቀጥን፣ ሰው ሲያዜም ሰማሁ። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ መሰለኝና ቀና አልኩ፤ ዝም አለ። ጎንበስ ስል ተመለሰ። ከድንጋዮቹ ኋላ፣ ከውስጥ ነበር። ቃሉ አይለይም። ለብቻው ተቀምጦ ዜማ የሚያጠና ተማሪ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቃጭል አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ተመታ።

አልፈራሁም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኼ ነው። የማይታይ ሰው መሰማቱ ምን ይደንቃል? ጀሪካኔን አንስቼ «ደህና ይዋሉ» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አኮ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«አኮ፣ ዲያቆን ለማ ምንጩ ጋ ነው ያለው» አልኳቸው።

ሰፌዱ ከጭናቸው ተንሸራቶ ምስሩ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። አላነሱትም። «ማን ነው ይኼን በይ ያለሽ?»

«ማንም። ሲያዜም ሰማሁት። ቃጭልም አለው።»

በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ይኼን ለሌላ ሰው እንዳታወሪ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ነገ አብሬሽ እወርዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረን መውረድ ጀመርን። አኮ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ይለጠፋሉ። ውኃ በአንገታቸው ይወርዳል።

«አሁን ይሰማሻል?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያዜመ ነው።»

በሌላኛው ጆሯቸው ይሞክራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። አንድ ቀን ከድንጋዩ ቀና ብለው፣ «እኔን አይፈልገኝም ማለት ነው» አሉ። የተናገሩት ለእኔ አልነበረም።

እንዲህ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ሳለ ነው ኦቦ ጉደታ ፈረሳቸውን ውኃ ሊያጠጡ የመጡት። ቁመታቸው ረጅም፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ፣ መንደሩ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ድንቄ፣ ድንጋዩ ምን አለሽ?» አሉ እየሳቁ። «ያንቺ ቤት ወሬ በፊቼ መንገድ ነው የሚመጣው።»

አኮ ድንጋዩን እንደያዙ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ፊቼ አልሄደም!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ቃጭሉን ይመታል፤ እኔ ሰምቼዋለሁ!»

የኦቦ ጉደታ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ድንጋዩን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ፈረሱን ሳያጠጡ ይዘውት ተመለሱ።

በማግስቱ ምንጩ ጋ ሰው አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ከልክለው፣ ራቅ ካለው ወንዝ መቅዳት ጀመሩ። በመንገድ ላይ ያገኘችኝ አንዲት ልጅ ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች። ድንቄ ቤት ያለችው ልጅ ርኩስ መንፈስ ያናግራታል ተብሎ ነበር። አባቴ መጥቶ እንዲወስደኝ መልእክት ተላከ። የደብሩ ቄስ መምሬ ታደሰም ግቢያችን ድረስ መጥተው፣ ልጅቷ ጠበል ትጠመቅ አሉ።

«ትጠመቅ» አሉ አኮ። «የሰማችውን ግን አልሰማሁም አታሰኟትም።»

«እማማ ድንቄ፣ ነገሩ ለእርስዎም አይበጅም። ሰዉ እየሸሸዎት ነው።»

«ሰዉማ መቼ ቀርቦኝ ያውቃል፣ አባቴ?»

መምሬ አቀረቀሩ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮ ጎን ተኛሁ። የምፈራው እኔ አልነበርኩም፤ እሳቸው ናቸው ልብሴን ጨብጠው የሚተኙት።

ፍልሰታ ሲጋመስ ዝናቡ ያለ ፋታ ጣለ። አንድ ጠዋት፣ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚመስል ድምፅ ከጫካው በታች መጣ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ጋራው ተንዶ ምንጩን ደፍኖታል። ወንዙ ደግሞ ሞልቶ ጭቃ ብቻ ሆኗል። መንደሩ የሚጠጣው ስላጣ፣ የሸሹን ሰዎች ሁሉ ዶማና አካፋ ይዘው ምንጩ ጋ ተሰበሰቡ። እኔና አኮም ሄደን ከሰዉ ኋላ ቆምን።

ወንዶቹ ሲቆፍሩ ቆይተው አንድ ትልቅ ድንጋይ ወደ ታች አንከባለሉ። ከኋላው ጥቁር ክፍተት ታየ። ሽታው የመጣው ያኔ ነው፤ የረጠበ ድንጋይ፣ ሰም፣ ለዘመናት ተዘግቶ የቆየ አየር። ቆፋሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ የዕጣን ቤት የተከፈተ መሰለኝ።

መምሬ ታደሰ ጧፍ አብርተው ገቡ። ኦቦ ጉደታም ተከተሏቸው። ውጭ ከጥዶቹ ላይ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማ ነበር። መምሬ ወጡና በዓይናቸው ከሰዉ መሃል ፈለጉ።

«እማማ ድንቄን ጥሯቸው» አሉ።

ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠን። የአኮን ነጠላ ጫፍ ይዤ እስከ ክፍተቱ ድረስ ሄድኩ፤ የከለከለኝ ሰው የለም። በጧፉ ብርሃን አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ክንዶቹ የቆዳ ጥቅል እንዳቀፉ ናቸው። አጠገቡ የቀለጠ ሰም ድንጋዩ ላይ ረግቷል። ድንጋዩ ወድቆ የዘጋበት የዚያኑ ዕለት ይሁን ሰንብቶ፣ የሚያውቅ የለም። ሌሎቹ ሴቶች ሲጮኹ እኔ ደስ አለኝ። ዲያቆን ለማ በመጨረሻ ታየ ብዬ ነው።

አኮ አልጮኹም። በርከክ ብለው፣ «እዚህ ነበርክ?» አሉት። «ይህን ያህል ቅርብ?»

ጥቅሉ ወጥቶ ተፈታ። ወንጌሉ ረጥቦ ተጣብቋል። መስቀሉና ጽዋው ጠቁረዋል። ሁሉም ግን አለ። መምሬ ቃጭሉን አንስተው ነቀነቁት። ድምፅ የለውም። ገልብጠው ሲያዩት ምላሱ የለም። ምላሱን ጽዋው ውስጥ፣ በጨርቅ ቋጠሮ ተጠቅልሎ አገኙት።

«እንዳይሰማበት አውጥቶታል» አሉ መምሬ። «ወታደሮቹ ድምፁን ሰምተው እንዳያገኙት።»

አንድ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። ቀጥሎ ሌላው። ቃጭሉን ሰማሁ ያልኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ የነበሩት ቀስ ብለው ራቅ አሉ፤ በዙሪያዬ ባዶ ቦታ ሆነ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። አኮ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ጎናቸው ሳቡኝ።

ኦቦ ጉደታ ከዋሻው የወጡት መጨረሻ ላይ ነው። ያን ንጹሕ ጋቢያቸውን አልለበሱም፤ ለካ ዲያቆኑን አልብሰውታል። በሸሚዝ ብቻ ዝናቡ ውስጥ አኮ ፊት ቆሙ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያንስ አይቼ አላውቅም።

«ዲፈማ፣ ድንቄ» አሉ። «ይቅር በዪኝ። አባቴ አየሁት እንዳለ ነው የሞተው። እኔም አምኜ ለልጆቼ ነገርኩ።»

ሰዉ ሁሉ እየጠበቀ ነው። «ያን ጊዜ በቅሎ ይዞ የሚሸሽ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ጉደታ» አሉ አኮ። «አባትህ ሌላ ሰው ነው ያየው።»

ኦቦ ጉደታ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አኮ ክንዳቸውን ያዙ። «ተው፣ ጭቃ ነው» አሏቸው።

አስከሬኑ በማግስቱ በነጭ ጨርቅ ተገንዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። የግቢው በር ላይ ስንደርስ ሰልፉ ቆመ። አኮ እንደልማዳቸው ወደ ወይራዋ መሄድ ጀምረው ነበር። መምሬ ታደሰ መንገዱን ለቀው ጎንበስ አሉ።

«እማማ ድንቄ፣ ይቅደሙ።»

አኮ በሩን አዩት። «የሴቶች በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። እዚያ ቅጥር ሥር አርጅተው፣ ይኼን አያውቁም ነበር። ከኋላ ያሉት ሴቶች ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት።

ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል መምሬ ዘወር አሉ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

አኮ አያውቁትም። ለሟች የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነው። አኮ የዚያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ከሐፍረት የተነሳ ስሙን ቤት ውስጥ ጠርተው ሳያውቁ ሞቱ። ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል። ክርስትና አባቱ ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቆ፣ ያለ ስሙ ሊቀበር ነው።

«ወልደ ሰንበት» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። ማንም አልነገረኝም። ከዚያ በፊት እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም ነበር። መምሬ ታደሰ በዓይናቸው ብቻ ለረጅም ጊዜ ጠየቁኝ። ከየት አመጣሽው አላሉኝም። ግንባራቸውን አማትበው ወደ አስከሬኑ ዞሩና «ነፍሰ ወልደ ሰንበት» ብለው ጀመሩ።

አባቴ ሊወስደኝ የመጣ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እናቴ ሴት ልጅ ወልዳለች። አባቴ ከኦቦ ጉደታ ጋር እያወራ በር ላይ ሲጠብቀኝ፣ አኮ ወደ ጓዳ ጠርተው ከመደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልብሴን በፌስታል ጠቅልለው ጨርሰዋል። ግን ፌስታሉን አልሰጡኝም፤ ጭናቸው ላይ ይዘውት ቆዩ።

«ጽጌ» አሉኝ፤ በስሜ ብዙ ጊዜ አይጠሩኝም። «ድምፁ እንዴት ነው?»

«የማን?»

«የለማ። እኔ እኮ ረሳሁት። ፊቱ አለ፣ እጁም አለ፤ ድምፁ ግን ከእኔ ዘንድ ከሄደ ቆየ።»

አሰብኩ። «ወፍራም ነው፤ ግን መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ጉንፋን እንደያዘው ልጅ።»

አኮ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። የሳቁ መስሎኝ ነበር። «ድምፁ ገና እየተለወጠ ነበር እኮ። ሲሰነጠቅበት ያፍራል፤ እኛ እንስቅበት ነበር» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ «እስቲ አሰሚኝ» አሉኝ።

እንደሰማሁት አድርጌ አንጎራጎርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። አባቴ ከውጭ ሲጣራ ዝም በል ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ የሚያያቸው ይመስል። ዜማው የሆነ ቦታ ሲደርስ አቆምኩ።

«ቀጥዪ።»

«እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው፣ አኮ። ሁልጊዜ እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል።»

አኮ ድንቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ ወንድሜ ቤት ውስጥ ሲያጠና ሰምቼው ነው የማውቀው ብለው፣ የቀረውን ዜማ እስከ መጨረሻው ጨረሱለት።